ሽምግልና በሆቴል ነጠላ ጫማ

ሰው ሆቴል የሚመርጠው ለመተኛት አይደለም፤ ለማውራት ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር... ለመተኛትማ ከገዛ አልጋችን የሚበልጥ የት ይገኛል? ራቅ ካለ ከተማ ሄደን ስናድር፣ ስንመለስ "የት አረፍክ?" ለሚለን ሰው የምንሰጠው መልስ እንዲያምርልን ነው። እናንተ እንዲህ አይደላችሁም? ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እንግዲያው ስለ ራሴ ብቻ ልናገር።

ታናሽ ወንድሜ ዳንኤል ሀዋሳ ተምሮ አዲስ አበባ ሲመለስ ዲግሪም ፍቅርም ይዞ መጣ። ዲግሪው ሥራ እስኪያገኝ ትንሽ ታገሠው፤ ፍቅሩ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ልጅቷ ሰናይት ትባላለች። አባቷ አቶ ሽብሩ እዚያው ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ የታወቁ ጫማ ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ።

አባታችን በሕይወት ስለሌለ ኃላፊነቱ በአጎታችን በጋሽ መኩሪያ ላይ ወደቀ። ጋሽ መኩሪያ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ቁመታቸው የስልክ እንጨት ያህላል፣ እግራቸው አርባ አምስት ቁጥር ነው፣ ንግግራቸው ግን አጭር ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ለሽምግልና ባይደርስም ፀጉሬ ቀድሞኝ ስለሄደ ተፈቀደልኝ። ሦስተኛው የጋሽ መኩሪያ የድሮ ጓደኛ መምህር ደምሴ ናቸው፤ ሀዋሳ ለማስተማር ሄደው እዚያው የቀሩ ሰው።

መምህር ደምሴ ቀድመው ደወሉልኝና ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ንጹሕ ፔንሲዮን እንዳዩልን ነገሩኝ። በሩን ስትከፍቱ ባጃጅ፣ መንገዱን ስትሻገሩ ሱቅ፣ ትንሽ ራመድ ስትሉ ቤተ ክርስቲያን፤ ወደ ልጅቷ ቤትም ሩቅ አይደለም አሉኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና ሌላ ነገር አሰብኩ። አቶ ሽብሩ የት እንዳረፍን መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ "አንድ ፔንሲዮን ውስጥ" ልል ነው? የወንድሜ ዕድል በእኔ አፍ ሊበላሽ?

ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ያለውን ትልቅ ሪዞርት ያዝኩ። ለጋሽ መኩሪያ የሐይቅ አየር ለደም ግፊት ጥሩ መሆኑን አስረዳኋቸው።

"የምንሄደው ልጅ ልንለምን ነው ወይስ ልንታከም?" አሉና ዝም አሉ። ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ወገኖቼ፣ ሪዞርት ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ያ ሪዞርት አልነበረም፤ ወረዳ ነበር። ከእንግዳ መቀበያው ተነስተን ክፍላችን እስክንደርስ ጋሽ መኩሪያ ሁለት ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፉ። በሁለተኛው ላይ ቀና ብለው "አሁን ያለነው ቀበሌ ስንት ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ራት ፍለጋ ስንወጣ መዋኛ ገንዳው ጋ ደረስን። ገንዳውን ዞረን ስንሄድ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ገባን። አንሶላ የምታጥፍ ሴትዮ በትሕትና መንገዱን ባታሳየን ኖሮ ጾማችንን ማደራችን ነበር።

እሑድ ጠዋት ጋሽ መኩሪያ ቅዳሴ መሄድ ፈልገው ነበር። ባጃጅ ግን ግቢው ውስጥ አይገባም። እስከ ዋናው በር በእግራቸው ሄደው፣ እዚያ ቆመው ጠብቀው ጠብቀው፣ ባጃጅ ሲያጡ ተመለሱ። አልተቆጡም። ሻንጣቸውን ከፍተው ብሩሽና ቀለም አወጡና ጥቁር ጫማቸውን መስታወት እስኪመስል ወለወሉት። ከዚያ በረንዳው ላይ ፀሐይ እንዲመታው አስቀመጡት። ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

እኔ ከረባቴን እያሰርኩ ሳለ ከበረንዳው ጠሩኝ። ጋሽ መኩሪያ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰው አይደሉም። የጠፋ ፋይል እንደሚያሳውቅ ሰው ረጋ ብለው "ቀኝ ጫማዬን ጦጣ ወሰደችው" አሉኝ።

ቀና ስል ጦጢት ወደ ውኃው ያዘነበለ ሾላ ላይ ተቀምጣ ጫማውን ታገላብጣለች። የግቢው ዘበኛ መጡ። ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ መነጽርም ኮፍያም በዚህ መንገድ አስመልሰው ያውቃሉ። ዘዴው ዳቦ መወርወር ነው፤ ዳቦውን ስታይ የያዘችውን ትለቃለች አሉን። ወረወሩ። እውነታቸውን ነበር። ጦጢት ዳቦውን ለመቀለብ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች፤ ጫማው ቁልቁል ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ዳር ላይ የቆመ አንድ አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ አንገቱን ቀለስ አድርጎ አየውና ዓሣ አለመሆኑን አረጋግጦ ፊቱን አዞረ። ጫማው ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ውኃ ጠጣ፣ ሰመጠ።

የእኔ ጫማ አርባ አንድ ነው፤ የጋሽ መኩሪያን ጣቶች ብቻ ነው የሚያስተናግደው። የሪዞርቱ ሱቅ የሳር ኮፍያና ሰፌድ እንጂ ጫማ አይሸጥም። ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ክፍሉ ውስጥ ያገኘነውን የሆቴሉን ነጠላ ጫማ አደረጉ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሆቴሉ ስም በወርቃማ ክር የተጠለፈበት። በጥቁር ሱፍ ሙሉ ልብስ ላይ።

ያ ዘመን፣ እንደምታስታውሱት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ የሚካሄድበት ዘመን ነበር። የእኔ ግምገማ ዘበኛው እንደ ምንም ፈልገው ባመጡልን ባጃጅ ውስጥ ተካሄደ። ጋሽ መኩሪያ አንድም ሂስ አላቀረቡም፤ ጉልበታቸውን አቅፈው ነጩን ጫማ ያዩታል። ግለ ሂሴን ሳልጠየቅ አወረድኩት። መንገድ ላይ የተከፈተ አንድ ጫማ ቤት አገኘን፤ ትልቁ ቁጥር አርባ ሦስት ሆነ። ሻጩ አዘነልን። በዚህ ከተማ አርባ አምስት ቁጥር የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው አለን፤ መናኸሪያ፣ አቶ ሽብሩ ዘንድ። እሳቸው ደግሞ እሑድ አይከፍቱም።

መምህር ደምሴ እነ ሰናይት በር ላይ ይጠብቁናል። የጓደኛቸውን እግር አዩ፣ እኔን አዩ፣ በሩን አንኳኩ።

አቶ ሽብሩና ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ በክብር ተቀበሉን፤ ተቀመጡም አሉን። ሽማግሌ ግን ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ቆምን። ያን ቀን ከወግና ሥርዓታችን ሁሉ የጠላሁት ይህን መቆም ነው። ጫማ ነጋዴ ሰውን የሚያየው ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ ነውና የአቶ ሽብሩ ዓይን ወለሉ ላይ ወርዶ እዚያው ቀረ። የተጠለፈውን ስም ፊደል በፊደል ሲያነቡ አየኋቸው።

"ትልቁ ሆቴል ነው ያረፋችሁት ማለት ነው" አሉ።

ለዚህች ጥያቄ ስንት ቀን ተዘጋጅቼ! አዎ አልኩ፤ አየሩ ጥሩ ነው ብለን ነው አልኩ። እሳቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ልጁ ደህና ልጅ መሆኑን እንደሰሙ፣ ግን እነሱ ተራ ሰዎች እንደሆኑ፣ ሰናይትም በዚህች ቤት እንዳደገች ቀስ ብለው ተናገሩ። በመጨረሻም "ልጄ ነገ ከነገ ወዲያ ከማን ቤት መጣሽ እንድትባል አልፈልግም። እስቲ እናስብበት" አሉ።

ሽማግሌ ሆናችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በዚህ ዓይነት ድምፅ የተነገረ "እናስብበት" ትርጉሙ "በሩ በዚህ በኩል ነው" ማለት ነው። አዲስ አበባ ስልኩን ይዞ የሚጠብቀው ዳንኤል ታየኝ።

ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አቶ ሽብሩ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ይሄ ልጅ እርስዎ ዘንድ ትልቅ ሰው መስለን እንድንታይ ብሎ ወሰደኝ። ጫማዬን ጦጣ ሐይቅ ጣለችብኝ። ሌላ ጫማ አልያዝኩም፤ ቤቴም ብሄድ ሌላ የለኝም። የወንድሜ ልጅም እንደኔ ነው። ያለው አንድ ዲግሪና ልጅዎን መውደዱ ነው። ከዚህ ሌላ የምንደብቀውም የምናሳየውም የለንም።"

ከዚያ የወይዘሮ አልማዝ ትከሻ ነጠላቸው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቃቸውን አፍነውት ነው። አቶ ሽብሩ ዛፉ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ጦጣዋ መጀመሪያ ግራውን አንስታ እንደሆነ፣ ዳቦው ስንት እንደነበረ እንደ መርማሪ አንድ በአንድ ጠየቁ። አባ ኮዳው ጋ ስንደርስ መሀረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ የጋሽ መኩሪያን እግር በባለሙያ ዓይን አዩና "አርባ አምስት" አሉ። ተነስተው ግድግዳው ላይ ከተመታው ሚስማር ቁልፍ አወረዱ።

"ልጄን የምሰጥበትን ቀን ከምሳ በኋላ እንነጋገራለን፤ ለአሁኑ ጫማ ልስጣችሁ።"

እሑድ የማይከፈተው ሱቅ ተከፈተ። አቶ ሽብሩ ራሳቸው በርከክ ብለው ጫማውን ለጋሽ መኩሪያ አጠለቁላቸው። ጋሽ መኩሪያ እንዴት ይሆናል፣ እርስዎም እኮ ትልቅ ሰው ነዎት እያሉ እግራቸውን ለመሸሸግ ቢሞክሩም አርባ አምስት ቁጥር የት ይሸሸጋል? ከምሳ በኋላ ሠርጉ ለትንሣኤ ማግሥት ተቆረጠ። ጋሽ መኩሪያ ወደ ሪዞርቱ አልመለስም ብለው ፒያሳ መምህር ደምሴ ያዩልን ፔንሲዮን ቀሩ፤ እኔም አብሬያቸው አደርኩ።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዎቹን ላመጣ ብቻዬን ሄድኩ። ቶሎ ልመለስ አስቤ ነበር፤ ግን በረንዳው ላይ ለትንሽ ጊዜ ቁጭ አልኩ። ሐይቁ ላይ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች በቀስታ ይመለሳሉ፣ ውኃው ከሰማዩ የት ላይ እንደሚለይ አያስታውቅም። እውነት ለመናገር እንደዚያ የሚያምር ነገር ብዙ ጊዜ አይቼ አላውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ነበር። እኔ ግን ማን እንደሚያየኝ ስቆጥር ሰንብቼ፣ ሐይቁን ያየሁት ማንም የማያየኝ ሰዓት ላይ ነው።