ጋሼ ጅራታና የእትዬ ዱሬቲ ሙክት

በግ በታረደበት ደጅ ሁሉ ኩላሊቱን አገላብጦ የበጉን ታሪክ የሚናገር ሰው የሌለው ከተማ የለም። የመቱው ክቡር ጋሼ ጅራታ ይባላሉ። ማንም አይጠራቸውም፤ ቢላ ሲሳል ከተፍ ይላሉ። ኩላሊቱን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉና «ይኼ ባቄላ በልቷል፤ የጎሬም ዳገት አድክሞታል» ይላሉ። «ኩላሊት ሰው አይፈራም!» ካሉ ክርክር ተዘጋ። አንዴ የፍየል ኩላሊት ብናቀብላቸው የበጉን እናት ሳይቀር ነግረውናል።

እኔ ደብረ ዘይት ስድስት ወር ተምሬ የመጣሁ የከብት ሕክምና ረዳት ነኝ። ደብተር አለኝ።

እትዬ ዱሬቲ ለልጃቸው ሠርግ ያሰሩት ሙክት ባልዲ ሙሉ ውሃ እየጨረሰ ያለማቋረጥ መሽናት ሲጀምር ሁለታችንም ደረስን። ቀኑ ረቡዕ፣ ሠርጉ እሑድ። ዛሬ ቢታረድ ሥጋው እስከዚያ ይበላሻል፤ ሳይታረድ ቢሞት በክት ነው። ሌላ በግ የላቸውም።

«ምን ያበሉታል?» አልኩ።

«የኑግ ፋጉሎና ባቄላ፣ ጠዋት ማታ። ጋሼ ናቸው ያዘዙት።»

ደብተሬን ገለጥኩ። «ፕሮቲን በዝቶበታል። የተረፈው አሚኖ አሲድ ተሰባብሮ በሽንት ነው የሚወጣው፤ ኩላሊቱም ለዚያ ይጣደፋል። ፋጉሎውን ትተው ሣር ይስጡት፤ ውሃ አይከልክሉት።»

«ፕሮቲን የሚባል መኖ በመቱ ገበያ አይቼ አላውቅም፣ ኢልማ ኮ» አሉ ጋሼ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ኩላሊቱ ውሃ ውስጥ ሰጥሟል። ውሃ ይከልከል፣ ፋጉሎ ይጨመር!»

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ታሟል ወይስ አልታመመም?» አሉ እትዬ ዱሬቲ።

እዚህ ላይ ደብተሬ ከዳኝ። ኩላሊቱ ሥራ ይበዛበታል ይላል፤ ሥራው የት ላይ በሽታ እንደሚሆን ግን አልጻፍኩም። ምናልባት ያን ቀን አንቀላፍቼ ይሆናል። እትዬ ዱሬቲም ማንኛችንንም ላለማስቀየም ለእኔ ሲሉ ፋጉሎውን በሣር ተኩ፣ ለጋሼ ሲሉ ውሃውን ከለከሉ።

ሐሙስ ማለዳ ውሃ በጣሳ ይዤ በአጥሩ ሾልኬ ገባሁ። ጋሼ ጅራታ ቀድመውኛል። ተንበርክከው፣ በባርኔጣቸው ውሃ ቀድተው ሙክቱን «ጠጣ፣ የኔ ጌታ» ይሉታል። አዩኝና ኮስተር አሉ።

«ይከልከል አልኩ እንጂ ይጠማ አላልኩም።»

ጣሳዬን አቀበልኳቸው።

እሑድ ሙክቱ በአራት እግሩ ቆሞ ለቢላው ደረሰ። ሣሩ ይሁን፣ ውሃው ይሁን፣ ወይስ ከመጀመሪያውም ምንም አልነካውም ነበር፣ እስካሁን አላወቅኩም። እትዬ ዱሬቲ ማን እንዳዳነው በሰው ፊት ሲጠይቁኝ ግን ምንም ሳልግደረደር «የጋሼ ሕክምና ነው» አልኩ።

ጋሼ ከተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።