ጋሽ ባዘዘው ሳያዩት

በየከተማው አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ሳያይ ሰው ዕቃ አይገዛም። የደብረ ማርቆሱ ጋሽ ባዘዘው ናቸው። በቅሎ በሉት፣ የልብስ ስፌት መኪና በሉት፣ የጣሪያ ቆርቆሮ በሉት፣ በእሳቸው እጅ ሳይዳበስ ቤት የገባ የለም። «ዕቃ የሚታወቀው ሥራ ላይ ነው» ይላሉ፤ በቅሎ እንኳ ጭነው ዳገት ካላስወጧት አያስገዙም። ሻጭ ፊት እሳቸውን ደፍሮ የተቃወመ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

የጎረቤታቸው ልጅ ዜማ ለሕንፃ ንድፍ ትምህርቷ ላፕቶፕ ሲያስፈልጋት፣ ጋሽ ባዘዘው ባይመጡ ደስ ባላት ነበር። እናቷ ወለተ ኪዳን ግን አስቀድማ ነግራቸዋለች። ቤተሰቡ እንዲህ ያለ ዕቃ ሁለተኛ የመግዛት አቅም የለውም። የማይሆን ከተገዛ ዜማ የትምህርቷን ዘመን ሁሉ ከእሱ ጋር ስትታገል መኖሯ ነው።

ባለ ሱቁ ደምለው መጀመሪያ ያወጣው አንዲት ቀጭን ላፕቶፕ ነበር፤ ቀላል ናት፣ ታምራለች። ጋሽ ባዘዘው ገለባበጧት፣ ዳበሷት፣ ከዚያም ኮስተር ብለው «በሉ ጫኑባት» አሉ። ደምለው ግራ ገባው። ዜማ ግን ገባት፤ ትምህርት ክፍሉ የሚያስተምርበትን የንድፍ ሶፍትዌር አስጭና፣ በፍላሽ ይዛ የመጣችውን ከባድ የቤት ንድፍ ከፈተች። ቀጭኗ ደርቃ ቀረች። ደምለው ቀለል ያለ ሶፍትዌር እንዳለው ቢናገርም፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በከባዱ ነው።

ቀጥሎ ለከባድ ምስል የሚሆን የራሷ ግራፊክስ ካርድ ያላት ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ መጣች። ንድፉ ተከፈተ፤ ቤቱም ስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እንደ ልብ ዞረ። ዜማ ደስ ብሏት ሳትጨርስ የማቀዝቀዣ ማራገቢያዋ ይጮህ ጀመር። ጋሽ ባዘዘው ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና ፊታቸው ጠቆረ።

«ሳንባዋን ታማለች» አሉ። «ደህና በቅሎ እንዲህ አታለከልክም። ያቺ ቀጭኗ ገና ልጅ ናት፣ ትለምዳለች። እሷን ስጠን።»

ደምለው ቀጭኗን ወደ ካርቶኗ ሊመልስ ጀመረ። ወለተ ኪዳን መሬት መሬት ታያለች። ዜማ ዝም ብትል ነገሩ ማለቁ ነው።

«ጋሼ፣ አልታመመችም። ስለምትሠራ ነው የምትተነፍስ። ያቺ ዝም ያለችው ስላልሠራች ነው። እኔ ይቺን ነው የምፈልግ።»

ጋሽ ባዘዘው ልጅቱን ረጋ ብለው አዩዋት። ከዚያ «ገዢዋ ተናግራለች» አሉና ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሽ ባዘዘው ጥቁሯን ላፕቶፕ በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው ሄዱ። ወደ ኋላ ዞረው አላዩም። ዜማ ጭንቅ አላት።

«አስቀየምኩዎት፣ ጋሼ?»

«ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ እንደሚያማኝ መች አጣሁት። ፊት ለፊት የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።» ጥቂት ተራመዱና ጨመሩ፦ «ነገ የሰው ቤት ስትነድፊ፣ ሽማግሌ ፈርተሽ ዝም ያልሽ እንደሁ ቤቱ ሰው ላይ ነው የሚወድቅ።»

ዜማ እንባዋ መጣ። ሽማግሌ ዕቃ ተሸክሞ ልጅ ባዶ እጇን አትሄድም፤ ታውቃለች። እሷ ግን ላፕቶፗን ልቀበልዎት አላለችም። እንደ ምርቃት እሳቸው እንዲይዙላት ፈልጋለች።