አንድ ወንበር ወደ ሐዋሳ

ሽመክት፦ አዙረው እኮ ነው የምልህ! ቁጥር የሚለጠፈው ደረት ላይ ነው!

ጦልሃ፦ ታርጋ ከኋላ ነው አቦ።

ሽመክት፦ አንተ ባጃጅ ነህ?

ጦልሃ፦ አይደለሁም። ግን ቁጥሩን የሚያነበው ማነው? ከኋላዬ ያለ ሰው አይደል?

ሽመክት፦ ከኋላህ ሰው የለም! ከኋላህ የሚመጣው አምቡላንስ ነው። እሱ ደግሞ ቁጥር ሳያይም ያነሳሃል።

ጦልሃ፦ ሃዬ፣ እሺ፤ ሾፌሩ ያንብበው።

(ጧት ነው፤ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር። የሰፈሩ የሩጫ ክበብ «የንጋት ሯጮች» ለውድድር ወደ ሐዋሳ ሊሄድ ነው። ሚኒባሱ በወጣቶቹ ሞልቶ አንዲት ወንበር ቀርታለች፤ እሷም አርባን ለተሻገረ አባል ናት። አርባን የተሻገሩት ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፦ የመብራት ዕቃ ሱቅ ያለው ሽመክትና ባጃጅ ነጂው ጦልሃ። ከዚህ ተነስቶ፣ በሳቢያን አልፎ፣ መልካ ጀብዱ የተቀመጠውን በርሜል ዞሮ ከሁለቱ ቀድሞ የተመለሰ ወንበሯን ይወስዳል። ሽመክት ስለ ሩጫ የማያውቀው የለም፤ ስለ ሌላውም ነገር እንደዚሁ። ማንም ሳይሾመው «ኮች» በሉኝ ብሏል። ጦልሃ ግን ሦስት ጊዜ ካልተነገረው ምንም አይገባውም። ይህን የሚለውም ሽመክት ነው።)

ሽመክት፦ እንግዲህ ስማኝ። ውሃ ሲሰጡህ አትጠጣም፤ ትጉመጠመጥና ትተፋለህ።

ጦልሃ፦ ከጠማኝስ?

ሽመክት፦ ጥማት የሰነፍ ነው። ሁለተኛ፣ ሩጫ ማለት ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ማለት ዝምታ ነው፤ በአፍንጫ ብቻ ነው። እየሮጠ የሚያወራ ሰው አይደርስም። ገባህ?

ጦልሃ፦ ገባኝ። ታዲያ አንተስ?

ሽመክት፦ እኔ ምን?

ጦልሃ፦ ታወራለህ።

ሽመክት፦ እኔ አላወራም፤ አስተምራለሁ። ማስተማር ትንፋሽ አይጨርስም።

ጦልሃ፦ ማሻ አላህ!

ኑርሀን፦ (የክበቡ ሰብሳቢ ናት፤ ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ) እናንተ አርባ ያለፋችሁ! ወሬውን ተዉትና ቁሙ፣ ልነፋ ነው!

(ፊሽካው ተነፋ። ወጣቶቹ ብን ብለው ጠፉ። ሁለቱ አዛውንት ነን አይሉም እንጂ፣ ጎን ለጎን እንደ አዛውንት ተነሱ።)

ጦልሃ፦ ኮች፣ በየትኛው እግር ነው የሚጀመረው?

ሽመክት፦ ጀምረናል እኮ!

ጦልሃ፦ በየትኛው ጀመርን?

ሽመክት፦ (ወደ እግሩ እያየ) በ... በቀኝ። ሁልጊዜ በቀኝ ነው። ልብ ያለው በግራ አይደል? ቀኝ እግር ቀድሞ ከወጣ ልብ ተረጋግቶ ይከተላል።

ጦልሃ፦ ወላሂ እኔ በግራ ነው የጀመርኩት።

ሽመክት፦ አየህ! ልብህ ቀድሞህ ሄዷል!

ጦልሃ፦ ፈጠን ብዬ ልድረስበት?

ሽመክት፦ ተው! ከእኔ እንዳትለይ፣ ትጠፋለህ።

ጦልሃ፦ መንገዱ አንድ አይደል እንዴ?

ሽመክት፦ መንገድ አንድ ነው፣ አሯሯጥ ግን ብዙ ነው! አንደኛ፣ የተረከዝ አሯሯጥ አለ። ሁለተኛ...

(ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና የማንም ያልሆነውን አራተኛውን ሲያስረዳ ሳቢያን ደረሱ። ባጃጆቹ ለጦልሃ ጥሩምባ ነፉለት፤ እሱ እጁን ብቻ አነሳ።)

ጦልሃ፦ ኮች፣ ያቺ በር ላይ የቆመችው ፋርሂያ አይደለችም?

ሽመክት፦ የታለች? ፋርሂያ! ኢስካ ወረን! ልጆቹ ደህና ናቸው? ያ አምፖል ሠራልሽ? እንዴት አልሠራም? ሶኬቱ ነዋ! ሶኬቱን አስፈትሺው!

(ድሬ ላይ ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል ይባላል። ሽመክት ደግሞ በጤናው አይደራደርም፤ ስለዚህ ዘወር እያለ፣ ከፊሉን ወደ ኋላ እየሮጠ ሶኬቱን ጨረሰ። ሲዞር ጦልሃ ትንሽ ቀድሞታል። እየተንደረደረ ደረሰበት።)

ሽመክት፦ አላልኩህም... እንዳትለየኝ!

ጦልሃ፦ አንተን ስጠብቅ ነው ቀስ ያልኩት። ኮች፣ አንተ የባቡር ሠራተኛ ልጅ አይደለህ?

ሽመክት፦ አባቴ ባቡር፣ አያቴ ባቡር!

ጦልሃ፦ አንድ ተሳፋሪ ድሬ ዳዋ ከባቡሩ በፊት ነበረች ብሎ ሲከራከረኝ ነበር።

ሽመክት፦ ምን? ማነው እሱ?

ጦልሃ፦ ሣህሉ መሰለኝ።

ሽመክት፦ ሣህሉ ስለ ባቡር ምን ያውቃል? እሱ አውቶቡስ ላይ የተወለደ ሰው ነው! ከተማዋን የወለዳት ባቡሩ ነው!

ጦልሃ፦ ከተማዋ ካልነበረች ባቡሩ የት ሊቆም መጣ?

ሽመክት፦ ዋርያ! ሊቆም አይደለም የመጣው! ወደ ላይ ሐረር ተራራ ነው፣ እንዲህ! (እጁን ሽቅብ ይሰዳል) ይኸኛው ሜዳ ነው፣ እንዲህ! (ቁልቁል) ባቡር ተራራ አይወድም!

ጦልሃ፦ ለምን?

ሽመክት፦ ይደክመዋላ!

ጦልሃ፦ ባቡርም በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው?

(ሽመክት ይህን ለማስረዳት ከጂቡቲ ጀመረ። በአንድ እጁ የባቡሩን ጢስ፣ በሌላው ሐዲዱን እየሠራ ስለነበር ለሩጫው የቀረው እጅ አልነበረም። ቤቶቹ አለቁ። ፀሐይዋ ከረረች፤ አስፋልቱም ከሥር መለሰላት። ጦልሃ ያቺን አንድ ዓይነት እርምጃውን ይዞ አንገቱን ይነቀንቃል።)

ጦልሃ፦ ኮች... ሐይቅ ምን ይመስላል?

ሽመክት፦ ሐይቅ?

ጦልሃ፦ አንተ ሐዋሳን ታውቀው የለ። እኔ እዚህ አጠገባችን ካለችው ዋሂል ሌላ የትም አልሄድኩም። ወንዝ ሲሉኝ እንኳ አሸዋ ነው የሚታየኝ። አንድ ቀን ብቻ፣ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ብዙ ውሃ ባይ ደስ ይለኛል።

ሽመክት፦ ሐይቅ... ሰፊ ነው።

ጦልሃ፦ ወዴት ነው የሚፈሰው?

ሽመክት፦ አይፈስም። ይቀመጣል።

ጦልሃ፦ ዝም ብሎ?

ሽመክት፦ ዝም ብሎ።

ጦልሃ፦ ቀኑን ሙሉ? ሥራ የለውም?

ሽመክት፦ የሐይቅ ሥራው መታየት ነው!

ጦልሃ፦ ጨው ነው ውሃው?

ሽመክት፦ ጨው... ለዘብ ያለ ጨው ነው።

ጦልሃ፦ ማዶው ይታያል?

ሽመክት፦ ለሚያውቅ ሰው ይታያል።

(ሽመክትን ላብ አጠመቀው፤ የፀሐይዋ ብቻ አልነበረም። ሐዋሳን አይቶ አያውቅም። ከዓመታት በፊት ጫት ሲቃም፣ በርጫ ላይ፣ ሁሉም የሄደበትን አገር ሲያወራ፣ እሱም ባዶ እጁን ላለመቅረት አንዲት ሐዋሳ ጣል አደረገ። ውሸቷ አደገች፤ ዓሣ በላች፣ ጀልባ ላይ ወጣች። አሁን ግን ወጣቶቹ ሄደው አይተው ሊመጡ ነው። ወንበሯን ካገኘ ውሸቱ ሁሉ በአንድ ጉዞ እውነት ይሆንለታል። ካላገኘ «አንተ ያልከው እኮ እዚያ የለም» ይሉታል፤ ያውም በርጫው መሀል። ይህን ሲያስብ እግሩን አፈጠነ። በርሜሉ ከፊት ታየ።)

ሽመክት፦ በል፣ ከዚህ በኋላ... ዝም ብለን ነው የምንሮጠው!

ጦልሃ፦ ሃዬ። ኮች፣ በርሜሉ በየት በኩል ነው የሚዞረው?

ሽመክት፦ ዝም አልኩህ እኮ!

ጦልሃ፦ እሺ፣ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።

ሽመክት፦ ሌላ ሰው? ሌላ ሰው ምን ያውቃል? በግራ ትከሻህ ዘንበል በልና፣ ቀኝ እግርህን ወርውር፣ እንዲህ! (በርሜሉን ይዞራል)

ጦልሃ፦ (ጎኑ ቆም ብሎ) አልገባኝም።

ሽመክት፦ ኧረ አንተ ሰውዬ! ትከሻ! እግር! እንዲህ! (ደግሞ ይዞራል)

ጦልሃ፦ ትከሻው ገብቶኛል፤ እግሩ ነው የጠፋብኝ።

ሽመክት፦ እግሩን እየው! እግሩን ብቻ እየው! (ሦስተኛ ይዞራል። ጦልሃ በመሀል አንዴ ዞሮ ወጥቷል።) አሁንስ ገባህ? ጦልሃ? አንተ ጦልሃ!

ጦልሃ፦ (ከሩቅ) ገባኝ!

(የመልስ ጉዞው ለሽመክት ረዘመበት። ወደ መልካ ጀብዱ ሲሄድ ያልነበረ መንገድ በየት በኩል እንደተጨመረ አልገባውም። ምራቁ ደርቋል፣ ጎኑን ወግቶታል። ከፊቱ የጦልሃ ጀርባ አለ፤ ጀርባው ላይ ቁጥሩ፤ አይቀርብም፣ አይርቅም።)

ሽመክት፦ ቆይ... ጠብቀኝ...

ጦልሃ፦ ኮች! ሰው ሲደክመው ምን ይደረጋል?

ሽመክት፦ ድካም... የአእምሮ... ነው...

ጦልሃ፦ አልሰማሁህም! ጮክ በል!

ሽመክት፦ (ያለ የሌለ ትንፋሹን አውጥቶ) የአእምሮ ነው!

ጦልሃ፦ ታዲያ አእምሮህ የት አለ?

ሽመክት፦ ሳቢያን... ቀርቷል...

(ከዚራ። የዛፎቹ ጥላ። ወጣቶቹ ቀድመው ገብተው፣ ለብሰው፣ አረፍ ብለዋል።)

ኑርሀን፦ ጦልሃ ገባ! ወንበሯ የጦልሃ ናት! ሽመክትስ? ሽመክትን ያየ አለ?

(ሽመክት ብቅ አለ። ከኋላው በቀስታ፣ እንደ ለቀስተኛ፣ አምቡላንሱ ይከተለዋል። መስመሩን አልፎ ጦልሃ አጠገብ ዘፍ አለ።)

ሽመክት፦ ውሃ...

ጦልሃ፦ እንካ። ግን እንዳትጠጣው፤ ተጉመጥመጥና ትፋው።

(ሽመክት ጠርሙሱን ነጥቆ እስከ መጨረሻው ጠጣው።)

ሽመክት፦ ሰባ ሰባት።

ጦልሃ፦ ምኑ?

ሽመክት፦ ቁጥርህ። ከመልካ ጀብዱ እስከዚህ እሱን ሳነብ ነው የመጣሁት።

ጦልሃ፦ ታርጋ ከኋላ ነው ብዬህ ነበር።

ሽመክት፦ አንተ... ያ ሁሉ ጥያቄ... ሆነ ብለህ ነው?

ጦልሃ፦ ኮች፣ እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰው ሳስወራ ነው የምውለው። መንገድ ተዘግቶ ዙሪያ ስሄድ አንዲት ጥያቄ ጣል አደርጋለሁ። ተሳፋሪው ወሬ ከያዘ መንገዱ መርዘሙን አያውቅም። አንተ ደግሞ አንደኛ ተሳፋሪዬ ነህ።

ሽመክት፦ እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ጊዜ ቂል ነው እያልኩ...

ጦልሃ፦ ሰምቼሃለሁ። ባጃጄ ውስጥ ሆነህ፣ በስልክ ነው ያልከው።

(ሽመክት ጠርሙሱን አገላበጠው። ባዶ ነው። ድምፁ ዝቅ አለ።)

ሽመክት፦ ጦልሃ፣ ይቺ ወንበር ለእኔ... አንተ አታውቅም። እኔ እኮ...

ጦልሃ፦ ሐዋሳ አልሄድክም።

ሽመክት፦ (ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ) ማን ነገረህ?

ጦልሃ፦ አንተ። አንድ ቀን በባጃጄ ወደ ሳቢያን ስወስድህ ሐይቁ ከከተማው በስተምሥራቅ ነበር። ወደ ከዚራ ስመልስህ በስተምዕራብ ሆነ። እኔ ሐይቅ አላውቅም፤ ግን «ይቀመጣል» ብለኸኛል። ከተቀመጠ እንዴት ዞረ?

ሽመክት፦ ለሰው ተናገርክ?

ጦልሃ፦ ኧረ ወላሂ! የተሳፋሪ ወሬ ከባጃጅ አይወርድም። ደግሞም ስታወራው ደስ ይለኝ ነበር። ሐይቅ የሚባል ነገር ያማረኝ እኮ ካንተ ሰምቼ ነው።

(ሽመክት ይህን አልጠበቀም። ዓይኑ ውስጥ የገባውን ላብ ነው ብሎ ጠረገው።)

ሽመክት፦ ልጆቹ አይተው ሲመጡ ምን ልበላቸው?

ጦልሃ፦ ምንም አትበል። ከሚኒባሱ ስወርድ ቀጥታ ሱቅህ ነው የምመጣው። ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ። አንተ ደግሞ ለሰው ታስተምራለህ።

(ሽመክት የሚያርመው ነገር ፈለገ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ወጣቶቹ ይህን አይተው በፀሐይ የተመታ መሰላቸውና አምቡላንሱን ሊጠሩ ተነሱ።)

ሽመክት፦ ጦልሃ።

ጦልሃ፦ አቤት፣ ኮች።

ሽመክት፦ እንደደረስክ መጀመሪያ ውሃውን ቅመስልኝ።

ጦልሃ፦ ልጠጣው ወይስ ልጉመጥመጠው?

ሽመክት፦ ቅመሰው ብቻ! ጨው ካልሆነ... ልጆቹ ሳይቀድሙህ ደውልልኝ።