ሦስቴ የሚታጠብ ሞተር

ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ልቡ የማይረጋ ሰው ተመድቦለታል። እናንተም ታውቁታላችሁ። በሩን ቆልፎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚነቀንቅ፣ ሰላም ብሏችሁ ከተለያችሁ በኋላ ከመንገድ ማዶ «ለመሆኑ እናትሽስ ደህና ናቸው?» ብሎ የሚጣራ፣ ጭነቱን በገመድ አስሮ ገመዱን ደግሞ በሌላ ገመድ የሚያስር። የሌላ ሰፈር ሰው ከሩቅ አይቶት ስቆ ያልፋል። የሸዋ ሮቢቱን ግን እኔ አግብቼዋለሁ።

ክቡር ባለቤቴ ሷሊሕ የአንዲት ኢሱዙ ባለቤትም ሹፌርም ነው። ሽንኩርትና ማሾ ጭኖ ጣርማበርን ይወጣል፣ ሲመለስ ያገኘውን ጭኖ ይወርዳል። በጠባዩ ሐሜት የለኝም፤ አይሳደብም፣ አይመታም፣ ሶላቱን አያሳልፍም። ጉዱ የሚመጣው የዘይት መቀየሪያው ቀን ሲደርስ ነው። ያን ቀን ቤታችን የታመመ ሰው የተኛበት ይመስላል፤ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ አሮጌ ጨርቅ ይሰበሰባል፣ እኔም ቀስ በቀስ ማበድ እጀምራለሁ። ስናደድ አንቱ ስለምለው፣ ጎረቤቶቼ ከግቢያችን «እርስዎ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ኢሱዙዋ ዘይት እየቀየረች እንደሆነ ያውቃሉ።

ባለፈው እሑድ ያደረገውን ግን ለማንም ልነግረው አልቻልኩም፤ ስለዚህ ለሁላችሁም ልንገራችሁ። ልጃችን ሪሀና ያን ቀን ወደ ካራቆሬ ልትሸኝ ነበር። ኒካሑ ታስሯል፣ የቀረው መሄዱ ብቻ ነው። ሙሽራ ባዶ ቤት አትገባም ብለን ከአማቾቻችን ጋር ስለተስማማን፣ ከማታ የተጫኑት አልጋዋና ቁምሳጥኗ ጠዋት በአባቷ ኢሱዙ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ዕቃው ደርሶ ከተደረደረ በኋላ የሙሽራው ወገኖች መጥተው እሷን ይወስዳሉ። ዕቃው ካልተነሳ እነሱም አይነሱም። እኔ ከፈጅር ሶላት በኋላ ጓሮ ብቅ ስል ምን አያለሁ? የኢሱዙዋ ጋቢና ወደ ፊት ተገልብጦ፣ ሞተሩ ለሰማይ ተሰጥቶ!

እዚህ ላይ የሥርዓቱን ነገር ካላስረዳኋችሁ በከንቱ የምጮህ ይመስላችኋል።

ሌላ ሰው ዘይት ሲቀይር የድሮውን ያፈሳል፣ ፊልትሮውን ይለውጣል፣ አዲሱን ይሞላል፣ እጁን ይታጠባል። ወንድሜ ሙዐዊያ እሱም ኢሱዙ አለው፤ ስልክ እያወራ ነው የሚቀይረው። ሷሊሕ ግን መጀመሪያ ዘይቱ «እንዲሟሟቅ» ብሎ እስከ ወንዙ ድልድይ ነድቶ ይመለሳል። ከዚያ የፊት ጎማዋን ድንጋይ ላይ አውጥቶ ታፖውን ይፈታል። ታፖ ማለት ከሞተሩ ሥር ዘይቱን የሚይዘው ብሎን ነው፤ ስንጨቃጨቅ ኖረን እኔም መካኒክ ሆኛለሁ። ዘይቱ ይፈሳል፣ ይቀጥናል፣ ክር ያክላል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ሰውየው ከሥሯ አይነሳም። አለቀ እኮ ስለው፣ ቆሻሻውን የምትይዘው የመጨረሻዋ ጠብታ ናት ይለኛል። እሱ የመጨረሻዋን ጠብታ ሲጠብቅ የሮቢት ፀሐይ እኔን አናቴን ትበሳኛለች። በዚህ መች ይበቃውና! ድንጋዩን ወደ ኋላ ጎማ ያዛውራል፤ በዚያ በኩል የተደበቀ ዘይት አለ ብሎ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እንግዲህ ማለቅለቁ የሚጀመረው። ትንሽ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ ያስገባል፣ ሞተሩን ለአፍታ ያስነሳል፣ መልሶ ያፈሳል። ከሥሯ የሚወጣውን በጣቱ ነክቶ ያሻል፣ ያሸታል። ከዚያ ያችን የማልወዳትን ቃል ያወጣታል፤ «ልቤ አልረጋም።»

እንዲህ ያለውን ሰው ተከራክሬ አሸንፋለሁ የምትሉ እስቲ ሞክሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ። የተቃወምኩትን ሁሉ ወደ ሥርዓቱ ያስገባዋል።

አንድ ጊዜ የጋራዡን ጌታሰውን ምሥክር ብዬ አመጣሁት። ጌታሰው ትሑት መካኒክ ነው፤ ጋሼ ሷሊሕ፣ በጊዜው ከቀየሩ፣ ዘይቱ ጥሩ፣ ፊልትሮውም አዲስ ከሆነ ይበቃል፤ ናፍጣው እንዲያውም ውስጥ ከቀረ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል አለው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሷሊሕ በጥሞና ሰማ፣ አመሰገነ፣ ሻይ አጠጥቶ ሸኘው። በሚቀጥለው ጊዜ የቀረውን ናፍጣ ጠራርጎ የሚያወጣ ሁለተኛ ማለቅለቅ ጨመረ፤ በንጹህ ዘይት። ምነው ብለው፣ ጌታሰው ነው የነገረኝ አለ።

ቀጥሎ ሙዐዊያን ምሳሌ አደረግኩ። የወንድሜ መኪና ይህን ሁሉ ሳታይ ያንን ዳገት እየዘፈነች ነው የምትወጣው አልኩት። ነገሩ ከነከነው መሰለኝ፣ ሄዶ የሙዐዊያን ሞተር ጆሮውን ደግኖ አዳመጠ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል፤ «ጤነኛ ናት» አለኝ፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው። ከዚያ ወዲህ አዲሱን ዘይት ከሞላ በኋላ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ያልተነሳ ሞተር ምን እንደሚለው እሱና ጌታው ያውቃሉ።

ጨርሶ የተጎዳሁት ግን በሸህ አሊዪ ነው። ሸህ አሊዪ የሰፈራችን አባት ናቸው፤ የጥርጣሬ ወስዋስ ይዞት የሶላት ትጥበቱን፣ ውዱእን፣ ሲደጋግም የሚውለውን አንድ ጎረምሳ «ልጄ፣ አንተ ስትታጠብ ሶላቱ አለቀ» ብለው ያዳኑ ሰው። የኔንም በሽተኛ ያድኑልኛል ብዬ ከሰስኩት። ወስዋስ ነው፣ ልዩነቱ በውሃ ፋንታ በዘይት መሆኑ ነው አልኳቸው። እሳቸውም አሰብ አድርገው፣ ውዱእ እንኳ አንዴ መታጠቡ ግዴታ ነው፣ ሦስቴው ሱና ነው፣ ከዚያ ያለፈው ማባከን ነው አሉ። ሰማህ ብዬ ወደሱ ዞርኩ። መስማቱንስ ሰምቷል።

«እንግዲያው እስከ ሦስት ይፈቀዳል ማለት ነው?» አላቸው።

ሸህ አሊዪ ሳቃቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፈኑ። እስከዚያ ቀን ሁለቴ ብቻ ነበር የሚያለቀልቀው። ሦስተኛዋን ከነፈትዋዋ ያመጣሁለት እኔው ነኝ። በገዛ እጄ!

ስለ ታፖው ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ማሾ ጭኖ ደብረ ሲና ከደረሰ በኋላ፣ አጥብቄው ይሆን ብሎ ተጠራጥሮ እስከ ቤቱ ወረደ። ባለማሾው ራሱን ይዞ ጮኸ። እዚያው ጎንበስ ብለህ አታየውም ነበር ወይ ብለው፣ «እዚያ ብርድ ነው፣ ብረት በብርድ ይኮማተራል፣ እውነቱን አይናገርም» አለኝ። ታፖው አሥር ጎረምሳ የማይፈታው ሆኖ ተገኘ። ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ከመጠን በላይ ጠብቆ ይሆን ብሎ አላላው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለሞተሩ ይጠቅመዋል ወይ? የሷሊሕ ኢሱዙ እስከ ዛሬ ሞተሯ ለጥገና አልወረደም። የሙዐዊያም አልወረደም። የሚለያዩት በሚስቶቻቸው ጤና ነው።

ወደ እሑድ ልመለስ። ጋቢናው ተገልብጦ ሳይ ያ ረቢ አልኩ። ዘይቱ ከተቀየረ ገና ብዙም አልቆየ። ዛሬ? አልኩት። መንገድ ነው አለኝ። ካራቆሬ እኮ ናት! ቁርስ በልቶ የተነሳ ሰው ሳይርበው ይደርሳል። የልጄን ዕቃ ነው የጫነችው፣ ልቤ አልረጋም አለ። አንድ ቃል ብጨምር አንድ ማለቅለቅ እንደሚጨምርብኝ ስለማውቅ ምላሴን ነክሼ ገባሁ።

ውስጥ ሌላ ዓለም ነው። ሪሀና እግሯን ሂና ተቀብታ በጓደኞቿ መካከል ተቀምጣለች፣ አንዷ ስትዘፍን አንዷ ታጨበጭባለች። እኔ አንዴ ድስት ላይ፣ አንዴ የጠፋ አንሶላ ፍለጋ፣ አንዴ «ጣይባ፣ ቁልፉ የት ነው?» ለምትለኝ ስመልስ፣ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አጣሁ። ለነገሩ የሚናደድበት ባል ያለው ሰው ማልቀስ አያስፈልገውም።

ፀሐይ ጠንከር ስትል ወጥቼ አየሁት፣ ሁለተኛው ማለቅለቅ ላይ ነው። የፊት ጎማዋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ የልጄ ቁምሳጥን ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ሰማይ ያያል። ከካራቆሬ ተደወለ። የሙሽራው አጎት ናቸው፤ ዕቃው ተነሳ ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁኝ። ሊነሳ ነው አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ደወሉ፤ አሁን ትሕትናቸው ቀጥኗል። እዚያ ዕቃውን የሚያወርዱ ሰዎች ቆመው እየጠበቁ ነው አሉኝ። በሦስተኛው ስልኩን አላነሳሁትም። ሻርፔን አጥብቄ አስሬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አንቱ ብዬ ልመለስ አይደለም የወጣሁት፤ የኖርንበትን ዘመን ሁሉ አንድ በአንድ ልቆጥርለት ነው።

«እርስዎ፣ ልጅዎን በአማቶቿ ፊት ሊያዋርዱ ነው?» ብዬ ጀመርኩ። «ገና ሳትገባ አንገቷን ሊያስደፏት ነው? አባቷ ዕቃዋን ነፈጋት ቢሏት ምን ትመልስ?»

ከጎማው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከታፖው ቀዳዳ ዘይት እየወረደ ሳፋ ውስጥ ይጠራቀማል። እንግዲህ እኔ ዘይት አውቃለሁ፤ የሚታጠብ ሞተር የሚያወጣው ጥቁር ነው፣ ቢያንስ ደፍረስ ይላል። ይሄ ግን እንደ ማር የጠራ ነው። ሷሊሕ ከሳፋው በጣሳ ቀዳ፣ ተነሳ፣ ታችዋ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ አድርጎ ሞተሩ ውስጥ አፈሰሰው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ያው ዘይት ከሥር ወረደ። መልሶ ቀዳው። ያንኑ ንጹህ ዘይት ነው ሲያዞረው የቆየው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

ዘይቱን እያየ አልነበረም። የሚያየው መስኮቱን ነው። ከውስጥ የሪሀና ሳቅ ይሰማል፤ እሷ ስትስቅ መጀመሪያ ትን ይላታል፣ ከሁሉም ትለያለች።

«ዕቃው ከተነሳ እኮ፣» አለኝ፣ «ከዚያ በኋላ እሷን የሚያቆይልኝ ነገር የለም።»

ወላሂ፣ ከዚህ ሰው አፍ ስለ ሞተር ያልሆነ ነገር እንዲህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ይዤው የዋልኩት ንዴት ጥሎኝ ሄደ፣ ንዴቱ ሲሄድ ደግሞ ከሥሩ የነበረው መጣ። የልጄ አልጋ መኪና ላይ ነው። ዛሬ ሸኝተናት ስንመለስ ክፍሏ ውስጥ የሚቀረው ልብሷን የምትሰቅልበት ምስማር ብቻ ነው። እጁ እስከ ክርኑ ዘይት የጠጣ፣ ግንባሩ ጥላሸት የተቀባ፣ አንዲት ልጁን በጣሳ ዘይት ሊያቆይ የሚታገል ይህን ሰው ቆሜ አየሁት፣ ወደድኩትም። ይህን ለማንም እንዳትነግሩብኝ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን አነሳሁት። የሙሽራውን አጎት ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ዘይት እየቀየርን ነው አልኳቸው። አሁን? አሉኝ። ሞተር ነው፣ ልጅ የሚሸኝበት ሞተር ደግሞ በጥድፊያ አይሆንም፣ ዙሁር ሰግደን እንነሳለን፣ እናንተም ምሳችሁን ብሉ አልኩና ዘጋሁት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፤ እኔ ጣይባ።

ሷሊሕ ሰምቶኛል። አፈረ መሰለኝ፣ ጣሳውን አስቀመጠ፣ ታፖውን ከጨርቁ ላይ አንስቶ ጠረገው።

«በቃ፣ ልዝጋውና ልነሳ» አለ።

«ቆይ፣ አትዝጋው» አልኩት። «ገና ይንጠባጠባል።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም የሚንጠባጠብ ነገር አልነበረም።

«አዎ፣» አለኝ፣ «ገና ነው።»

ባዶ ጀሪካን ገልብጬ ከጎኑ ተቀመጥኩ።