የእትዬ መዝገብ ምክር ለሥራ ፈላጊዎች

ሠራተኛውን የሚያስመርር መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ሥራ ፈላጊውን ከደጅ የሚመልስ አንድ ሰው አያጣም። አንዳንዱ ጋ ዘበኛው ነው፣ አንዳንዱ ጋ ሹፌሩ። እዚህኛው ቤት ግን ይህን ታላቅ ኃላፊነት ማንም ሳይሾማቸው የያዙት ክብርት እትዬ መዝገብ ናቸው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚባሉት፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ሰዎች በሙሉ ጡረታ ወጥተዋል።

ለፈተና የተጠራ ሰው ማስረጃውን የሚያስረክበው ለእሳቸው ነው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ዲፕሎማውን ያገላብጣሉ፣ ማኅተሙን ያያሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሌላ ቦታ አላመለከትክም?» ይላሉ። አንዱ ሹፌር ከዚህች ጥያቄ በኋላ እግሬ አውጪኝ ሲል መንጃ ፈቃዱን እንኳ አልተቀበለም፤ በማግሥቱ ወንድሙን ልኮ አስወሰደ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ምን ችግር አለ ብላ ድርቅ ስትልባቸው፣ በመስታወቱ በኩል የሥራ ክፍሉን አሳይተው፣ የሚስቅ ሰው ካየች እንድትነግራቸው ጠየቋት። ልጅቷ ሩብ ሰዓት ቆማ አየችና ፋይሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ሰው ምቀኛ ይላቸዋል። ሰው ምን ያውቃል! ሥራ አስኪያጁ «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» ባይ ነው፤ እንዲህ የሚል አለቃ ሲያጋጥማችሁ ቦርሳችሁን ያዙ። በዚህ ቤተሰብ ፈቃድ የሚጠየቀው ሰኞ ጠዋት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ነው። ጠያቂው ቆሞ ችግሩን ይዘረዝራል፣ አለቃው ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ምክንያቱ በቂ ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ» ይላል፣ ከዚያ ያወጣውን ሰው ስም ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። የተጻፈ ሰው እድገት የሚባል ነገር ይርሳ። አምና የኮምፒውተር ባለሙያው ሚስቱ ምጥ ይዟት ተነሥቶ ለመነ። አንድም እጅ አልወጣም። የሰው ልጅ ምጥ በድምፅ ብልጫ ወደቀ! ልጁ አባቱ ሳይኖር ተወለደ። ያን ቀን ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀረው እትዬ መዝገብም እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ሰው መመለስ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ታዲያ በቅርቡ ለጸሐፊነት የመጣች ልጅ አልመለስ አለቻቸው። እናቷ በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባት፤ ሐኪም ቤት የምታደርስላት ጎረቤት ደግሞ ሰፈር ልትለቅ ነው። እትዬ መዝገብ የሰኞውን ጉድ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት።

«እትዬ፣ ሥራ ከፈታሁ ስምንት ወሬ ነው» አለች። «ሌላ ካለዎት ይስጡኝና ልሂድ።»

የላቸውም። ፋይሏን ተቀበሉ። አንጀታቸውን በልታው፣ ቀኑን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲጣሉ ዋሉ።

ልጅቷ ተቀጥራ ሦስተኛው ሰኞ ላይ ተነሥታ ቆመች። ጎረቤቷ ለቃለች፤ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ ይፈቀድልኝ አለች። አለቃው የተለመደውን ጠየቀ። ሁሉም የየራሱን ጫማ ማየት ጀመረ። እትዬ መዝገብ ግን እጃቸውን አወጡ፣ ብቻቸውን። አለቃው ተሳስተው እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ «አልተሳሳትኩም፣ ጻፈኝ» አሉት። ጻፋቸው። አንድ ለሃያ ሁለት፣ ፈቃዱ ተከለከለ።

ማክሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤቱ አልተከፈተም። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አለቃው የተቆለፈውን በር ይደበድባል፤ ልጅቷ በበኩሏ የመጣው ይምጣ ብላ፣ እናቷን ልታደርስ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ደረጃው ስትሄድ ስልኳ ጠራ። እትዬ መዝገብ ናቸው።

«አድራሻሽን ከፋይልሽ ላይ አይቼ ቤት ሄድኩ» አሏት። «እናትሽ እጥበቱ ክፍል ገብታለች፣ እኔም በሩ ላይ ነኝ፣ እስክትወጣ አልነቃነቅም። አንቺ እዚያው ቁጭ በይና ለሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጻፊ።»