ብድግ ያለው ዌርሃውስ

ሰው ብድግ ሲልልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ለአሮጊት ሌላ ምን ደስታ ተረፋት? ገባ ስትሉ ወጣቱ ከመቀመጫው ይነሳል፣ «ኖር!» ይላል። እናንተም «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» ትላላችሁ። በቃ፣ ቀኑ ተባረከ። አሁን ግን ሰው ሲነሳልኝ ልቤ ድው ይላል። ለምን አትሉኝም?

የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ዌርሃውስ በሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። የልጅ ልጄ ቤቲ ጠዋት ጠዋት ከምንኖርበት ከሞርስ ሮድ በመኪናዋ ታደርሰኛለች። ሕንፃው መስኮት የለውም። ውስጥ ሆናችሁ ዝናብ ይሁን ፀሐይ አታውቁም። እኔ ብቻ በጉልበቴ አውቃለሁ። መደርደሪያ ተሸክመው የሚዞሩት ሮቦቶች ናቸው፤ እንደ ኤሊ መሬት ለመሬት ይሄዳሉ፣ ኮቴ የላቸውም፣ ዞር ስትሉ ከኋላችሁ ናቸው። እኛ ጠረጴዛ ላይ ዕቃ በካርቶን እናሽጋለን። ቆመን። ወንበር የለም። ለምን የለም ስትሉ «ሴፍቲ ነው» ትባላላችሁ። መቀመጥ አደገኛ የሆነበት አገር ያየሁት እዚህ ነው።

ዩኒየኑንም ያመጣው ይኸው ወንበር ነው። አጠገቤ የምትሠራ ሄለን የምትባል ልጅ አለች፣ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። «እማማ ዘነቡ፣ ለየብቻ ስንለምን አንሰማም። የሠራተኛ ማኅበር ካቋቋምን ግን ወንበሩን ተደራድረን እናመጣዋለን» አለችኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብላም ተረተችብኝ። ዩኒየን የሚል ሰው ሁሉ ሌላ ተረት አያውቅም እንዴ?

በወዲያ በኩል ደግሞ ጋሼ ደምሴ አለ። ጨዋ ሰው ነው፣ ካርቶን ሲያነሳ እንኳ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ አይፈታም። ኢንዲያና በሚሉት ጎረቤት ስቴት ብዙ ዓመት ሠርቷል። እዚያ «ራይት ቱ ወርክ» የሚሉት ሕግ አለ ይላል፣ የመሥራት መብት ማለት ነው። እኔ ለሰው ሁሉ ሥራ የሚሰጥ ሕግ መስሎኝ መረቅኩት። ለካ ሌላ ነው። ዩኒየን ባለበት ቤት ብትሠሩም፣ መዋጮ መክፈል ካልፈለጋችሁ የሚያስገድዳችሁ የለም ማለት ነው። እዚህ ኦሃዮ ግን ያ ሕግ የለም። ዩኒየኑ አሸንፎ ከኩባንያው ጋር ከተዋዋለ፣ ያልወደደውም ሰው እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል።

«ያላመንኩበትን ነገር ለምን ከደሞዜ ይቆርጡታል?» ይላል ጋሼ ደምሴ።

«ወንበሩ ሲመጣስ አትቀመጥበትም?» ትለዋለች ሄለን።

«እቆማለሁ!»

«እናያለና! ያኔ ፎቶ ነው የማነሳህ።»

እነሱ ሲጨቃጨቁ አንድ ነገር ትዝ አለኝና አወራሁላቸው። በሰፈራችን ዕድር አልገባም ብሎ የኖረ አንድ ሰውዬ ነበር። «ሞቴን ራሴ እችለዋለሁ» ይል ነበር። አይቀርምና ሞተ። ዕድርተኛው ተሰበሰበና ሕግ ሕግ ነው፣ ድንኳን አይወጣለትም ብሎ ተበተነ። ጠዋት ስንነሳ ድንኳኑ ከሰውየው ደጃፍ ተተክሏል! ገመዱ ተወጥሮ፣ ካስማው ጠብቆ። የዕድሩ ዳኛ ድንኳኑ የሚቀመጥበትን መጋዘን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ አሳየን። መቆለፊያውም አልተነካም። ማን ተከለው? እስከ ዛሬ ተከልኩ ያለ የለም። እኛም ምን እናድርግ፣ ድንኳን ከቆመ ይለቀሳል፤ ገብተን አለቀስን።

ይኼን ስነግራቸው ሄለን «አያችሁ፣ ሳይከፍል ተገልግሎ ሄደ!» አለች። ጋሼ ደምሴ ደግሞ «አያችሁ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ቀበሩት!» አለ። አንዱን ድንኳን ለሁለት ተካፈሉት።

ከዚያ የሚቲንጉ ቀን መጣ። ኩባንያው ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ከሌላ ስቴት አስመጥቶ፣ ዩኒየን መጥፎ ነው ብሎ እንዲያስረዳን ሁላችንንም ምሳ ክፍል ሰበሰበን። እኔ ሽንት ቤት ሄጄ ዘገየሁ፤ ጉልበቴን ታውቁታላችሁ። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። የአገራችን ልጆች በየረድፉ ተቀምጠው ነበር። እንዳዩኝ ብድግ! ሰውየው እያወራ «ኖር» ማለት ነውር ስለሆነ በዝምታ ነው የተነሱት። እነሱ ሲነሱ ኔፓሎቹ ተነሱ። ሶማሌዎቹ ተነሱ። አሜሪካኖቹም ግራና ቀኝ አይተው ተነሱ። የወንበር እግር ሲጮኽ ተሰማ፣ ከዚያ ጸጥ። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

እኔ እንዴት እንዳፈርኩ! እጄን ዝቅ ዝቅ አድርጌ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አልኩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቁጭ አሉ።

የእኛ ማናጀር ካይል ይባላል። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን በር አየ፣ ትልቅ ነገር ተከትሎኝ የገባ ይመስል። እኔም ዞሬ አየሁ። ምንም የለም።

በማግስቱ ካይል «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስ ዘነቡ» አለኝ። ስሜን ያውቃል ብዬ አስቤም አላውቅ! ጉልበትሽ እንዴት ነው አለኝ። ቤቲስ ትምህርቷ እንዴት ነው አለኝ። ስለ ቤቲ ማን ነገረው? ከጠረጴዛዬ በላይ ያለችው ካሜራ ወደ መተላለፊያው ነበር የምታየው፤ ቀና ስል ወደ እኔ ዞራለች።

ከዚያ ወዲህ እኔ ስመጣ ወሬ ይቋረጣል። ክንዱን ሙሉ የተነቀሰ ፈረንጅ ኮፍያውን አውልቆ አሳለፈኝ። ምሳ ክፍል ስገባ፣ የማላውቃቸው፣ ቋንቋዬን የማይሰሙ ሰዎች ማንኪያቸውን አስቀምጠው ቀስ ብለው ይቆማሉ። አይስቁም፣ አይናገሩም። ሮቦቶቹ እንኳ ሳልፍ ቀጥ ይላሉ። ሰው ሲቀርባቸው እንዲቆሙ ተደርገው ነው የተሠሩት ይላሉ። ይበሉ።

እንግዲህ አስቡት። በአገራችን ሰው ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ በዝምታ የሚቆመው ለማን ነው? ለአስከሬን አይደለም?

ቤት ገብቼ ክንዴን ቆነጠጥኩ። አመመኝ፣ ግን ሞቶ የተቆነጠጠ ሰው አናውቅም፣ ምን ማስረጃ ይሆናል? ቤቲን ጠየቅኋት።

«ቤትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሞቻለሁ?»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ! ዩ አር ኖት ዴድ። ዘይ ቲንክ ዩ አር ዘ ቦስ።»

አልሞትሽም፣ አለቃ ናት ብለው ነው አለችኝ። ያን ቀን ተነሱ ብዬ ያስነሳሁ፣ ተቀመጡ ብዬ ያስቀመጥኩ የዩኒየኑ መሪ መስያቸዋለሁ። እኔ! ዩኒየን እፈልጋለሁ የሚለውን፣ ሄለን ያመጣችውን ወረቀት ገና ያልፈረምኩት! ፈርቼ ነበር፤ ሥራዬን ያስጡኛል ብዬ።

ብዙም ሳይቆይ ካይል ቢሮው አስጠራኝ። እንዲያስተረጉምልኝ ጋሼ ደምሴን ይዤ ገባሁ።

«ሰዎቹ ይሰሙዎታል። ተረጋጉ፣ ተቀመጡ ይበሏቸው ነው የሚለው» አለኝ ጋሼ ደምሴ።

«በምን ላይ ይቀመጡ በለው።»

ጋሼ ደምሴ ትንሽ አመነታና ተረጎመው። ካይል አልሳቀም። ጉልበቴን አየ።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ጋ ባለጎማ ጥቁር ወንበር ቆሟል። የእኔ ጠረጴዛ ጋ ብቻ። አልዋሻችሁም፣ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ውስጥ የነበረው እሳት ድርግም አለ። ተመስገን ብዬ ቀና ስል፣ እስከ ሕንፃው ጥግ ሰው ሁሉ ቆሟል። ፊታቸው ወደ እኔ ነው። ፕላስተር የሚለጥፍ እጅ የለም። ሁሉ ቆሞ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ቦታ ምን ዓይነት ቦታ ነው? ተነሳሁ። ጠረጴዛዬን ይዤ ቆሜ ዋልኩ። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። የሚነካው ጠፋ። ጠዋት ስንገባ አንዳንድ ቀን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ እናገኘዋለን። ጋሼ ደምሴ ጽዳቶቹ ናቸው ይላል፤ ግን እሱም በሩቁ ነው የሚዞረው።

ዩኒየኑ ይግባ አይግባ ብለን ድምፅ የምንሰጥበት ምርጫ ሲደርስ ሄለንና ጋሼ ደምሴ ለመጨረሻ ጊዜ ተያያዙ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ያን ቀን ስንነሳልዎ ሕግ አስገደደን? አላስገደደንም። ተገደን ብንነሳ ኖሮ አክብሮት ይባል ነበር? መዋጮም እንደዚያው ነው» አለ ጋሼ ደምሴ።

አሳመነኝ።

«አንተ ብቻህን ብትነሳ ኖሮ ሽንቱ መጣ ነበር የሚሉህ! ካይልን ያስደነገጠው ሁላችንም መነሳታችን ነው» አለች ሄለን።

እሷም አሳመነችኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ የተናገረ ሁሉ ያሳምነኛል።

የምርጫው ዕለት ጠዋት ወንበሩ የለም። ማን እንደወሰደው ያየ የለም። በካርቶን ከተከለለው ቦታ ገባሁና ብቻዬን ቆምኩ። ምን እንደመረጥኩ አልነግራችሁም፣ ምስጢር ነው ተብያለሁ። ብቻ የእኔ ጉልበት ወንበሩን አግኝቶ ነበር። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት የሌላውን ሰው ጉልበት ነው። ከዚህ ወዲያ ፈትፍቼ ላጉርሳችሁ?

ዩኒየኑ ለጥቂት አሸነፈ። ምሳ ክፍል ተቀምጠን ሳለ ካይል ብቻውን ገባ። ፊቱ አመድ ነው፣ ትከሻው ወርዷል። እንዴት አሳዘነኝ! የሰው ልጅ አይደለም? ለሐዘንተኛ ደግሞ ይነሳል። ጠረጴዛውን ተመርኩዤ ተነሳሁለት። ከኋላዬ ክፍሉ ሙሉ ብድግ አለ። ካይል ወደ ኋላ አለ፣ ጀርባው ከግድግዳው ተጣበቀ፣ እጁ የበሩን እጀታ ይፈልጋል፣ አያገኘውም።

ላጽናናው ብዬ ባለችኝ እንግሊዝኛ «ሲት ዳውን፣ ካይል። ሲት» አልኩት።

ዱብ! አጠገቡ ባለው የሶዳ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

ይኸው እስከ ዛሬ ከኩባንያው ጋር ድርድሩ እዚሁ ኦሃዮ ደብሊን በምትባል ከተማ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ይካሄዳል፤ ወንበሩ ገና አልመጣም። ወንበሩ ምነው ዘገየ ብሎ ከሁላችንም በላይ የሚጮኸው ጋሼ ደምሴ ነው። እኛም በየጠረጴዛችን ቆመን እንውላለን። ካይል ግን እኔን ባየ ቁጥር ያገኘው ነገር ላይ ቁጭ ይላል። ካርቶን ይሁን፣ ባልዲ ይሁን፣ አይመርጥም። ያን ሁሉ ተከራክረን፣ ያን ሁሉ ተነስተን፣ በሥራ ሰዓት የመቀመጥ መብት ያስከበርነው ለካይል ብቻ ነው።