የአምበሮ ጉልበትና የሽማግሌዎቹ ሆድ

ጎረቤቴ ኸድራ በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ሰማሽ? ጃማ ሚስቱን ስኳር ከለከላት፤ ሻይዋን መራራውን ነው የምትጠጣው» አለችኝ። እኔ መቼም ሐሜት አልወድም። ሽንኩርቴን ጥዬ ወደ ግንቡ የሮጥኩት ጆሮዬ ስለደከመ ብቻ ነው።

ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ። ቢሆንስ? የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳማ አይደለም። እዚህ ሐርጌሳ ሚስቱ «ወገቤን» ስትለው ወደ ግድግዳው ዞሮ የሚያንኮራፋ ባል ስንት አለ! ጃማ ግን ለሚስቱ ህመም ሸንጎ የጠራ ሰው ነው። አላህ ያቆይልን።

ሚስቱን አምበሮን መገጣጠሚያዋን ካመማት ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይላሉ፣ ጉልበቷ እንደ ሊጥ ይነፋል። አሁን ደግሞ ቡርኦ ከተማ ያለችው ልጇ ወሯ ገብቷል። አምበሮ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሄዳ የልጅ ልጇን ከእጇ ሳይወድቅባት ማጠብ። ለዚሁ ስትል ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟም፣ «መድኃኒትሽን አታቋርጪ። ስኳርና ጮማ ቀንሺ፣ ዓሣና አትክልት ብዪ፤ ህመሙን የሚያስነሳብሽን ምግብ እያየሽ ተዪው። ሆድሽን ግን እንዳታስርቢ። ከባድ ነገር ደግሞ ሌላ ሰው ያንሳልሽ» አለቻት።

ጃማ አብሯት ነበር። ድሮ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበረ ነገር ማሳጠር ያውቅበታል፤ ቤት ሲገባ «ከምግብ ነው ተብሏል» ብሎ ጨረሰው። ዓሣው ግን አንገበገበው።

«የባለ ግመል ልጅ ዓሣ ልትበላ? ጎሳው ምን ይለኛል? ግመሎቹ አልቀውበት ነው አይለኝም?»

«ሐኪሟ እኮ ናት ያለችው» አለች አምበሮ።

«እሷ የበርበራ ወደብ ልጅ ናት፤ ከዓሣ ሌላ ምን ታውቃለች!»

ስለዚህ በዓሣው ምትክ የግመል ወተት እንዲሆን ታሰበ። እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ ግን አንድ ባል ብቻውን አይወስነውም፤ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ሽማግሌ ደግሞ በባዶ ሆዱ ምክር አይወጣውም። አምበሮ በትልቁ ድስት ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠራች፣ በዚያ በሚያማት እጇ ትሪውን አቅፋ አመጣች፣ አስቀምጣም ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ደንብ ነው፤ ወንዶቹ ይቅደሙ፣ ሴቶቹ ትርፉን ይበላሉ።

«ጉልበት የሚያሳብጠው ሩዝ ነው» አሉ ሽማግሌ ዋርሳሜ፣ እየጎረሱ። ሩዝ ተከለከለ።

«ሥጋውስ? ሥጋ ደም ያወፍራል» አሉ ሽማግሌ ኢጋል፣ አጥንቱን እየጋጡ። ሥጋም ተከለከለ።

«ከሩዙ ጋር የቀረበው ሙዝስ?» አለ ጃማ።

«ኧረ ሙዝ ብርድ ነው! አቀብለኝ እስቲ አንዱን» አሉ ዋርሳሜ።

እንዲህ እያሉ የሴትዮዋን ትርፍ እንኳ ከትሪው ላይ አነሱላት። ለአምበሮ ቅቅል ጎመን ተፈቀደላት።

ወተቱ ላይ ሲደርሱ ግን ስምምነቱ ፈረሰ። ዋርሳሜ የግጦሹ አገር የሐውድ ሰው ናቸው፤ «የሐውድ ግመል መድኃኒት ቅጠል ነው የሚበላው» አሉ። ኢጋል ከቆላው ከጉባን ናቸው፤ «የእናንተ ግመል አቧራ ነው የሚበላው» አሉ። ወላሂ፣ ስለ አምበሮ ጉልበት የተጠራው ሸንጎ ስለ አያቶቻቸው የውኃ ጉድጓድ መጣላት ጀመረ። ጃማ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጉዳዩ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ በጥልቀት እስኪመረመር ድረስ ለሌላ ቀን ተላልፏል» አለ። ለሌላ ቀን ማለት ሌላ ፍየል፣ ሌላ ሩዝ ነው። ያቺ በጎመን የምትኖር ሴት ሸንጎ በተጠራ ቁጥር ያንን ድስት ታነሳለች፣ ታወርዳለች። እጇ ከቀን ወደ ቀን ባሰበት።

በመጨረሻ ወተቱ ከሁለቱም ወገን በጮጮ መጣ። የዚያን ቀን እኔና ዳሃቦ ማድ ቤት ነበርን። ዳሃቦ የአምበሮ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ እሷ የመጣችው ለማገዝ፣ እኔ ለማየት።

«ሳይቀመስ አይፈረድም» አሉ ዋርሳሜ። ቀመሱ። ኢጋልም ቀመሱ። የተቀሩትም ለፍርዱ ሚዛን ሲሉ ቀመሱ። ጥርጣሬ የገባው ደገመ። ሁለቱ ጮጮዎች ተገልብጠው ተራገፉ።

«ሁለቱም መድኃኒት ናቸው!» ብሎ ጃማ ፈረደ፤ ሽማግሌዎቹም አጨበጨቡ።

በዚሁ መሐል ስልክ ተደወለ። የቡርኦዋ ልጅ ወንድ ልጅ ወልዳለች! አምበሮ እልል ብላ ትሪውን ይዛ ወደ ወንዶቹ ስትገባ ጣቶቿ ከዷት፤ ትሪው መሬት ላይ ዘጭ አለ፣ እሷም እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት ነው ሕፃኑን የማጥበው?» አለች፣ እጇን እያየች።

«አያችሁ?» አለ ጃማ። «ተደብቃ የምትበላው ነገር አለ ማለት ነው! ወንድሞቼ፣ የቀረ ሳንከለክላት ያለፍነው ነገር እንዳለ እስቲ እንመካከር።»

ሽማግሌዎቹ ከትሪው የተደፋውን ሩዝ ከምንጣፉ ላይ እየለቀሙ ማሰብ ጀመሩ። ዳሃቦ ከማድ ቤት ወጥታ መሐላቸው ቆመች።

«ምን ትመካከራላችሁ? ሩዙን ከለከላችኋት፣ በላችሁላት። ሥጋውን ከለከላችኋት፣ በላችሁላት። ያዘዛችሁላትን ወተት እንኳ ጠጣችሁላት። የቀራት ህመሟ ነው፤ በሉ እሱንም ብሉላት!»